ማንም ያላሰላው ቁጥር፦ የ«አይረን 44» ሄሊኮፕተር አደጋና የክብደት ስሌት

እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2008፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ገደማ ላይ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ከዊቨርቪል ከተማ አቅራቢያ ካለ ተራራ ላይ አንድ ሲኮርስኪ ኤስ-61ኤን ሄሊኮፕተር 13 ሰዎችን አሳፍሮ ተነሣ። ከተሳፋሪዎቹ 10ሩ የደን እሳት ሲከላከሉ የዋሉ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር ዋናው አብራሪ፣ ረዳት አብራሪውና የዋናውን አብራሪ ብቃት ለመገምገም የተሳፈረ የዩናይትድ ስቴትስ የደን አገልግሎት ተቆጣጣሪ አብራሪ ነበሩ። ሄሊኮፕተሩ ከማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ከዛፎች ጋር ተጋጭቶ ቁልቁለቱ ላይ ወደቀ፤ ወዲያውም በእሳት ተያያዘ። ዋናው አብራሪ፣ ተቆጣጣሪ አብራሪውና 7 የእሳት ተከላካዮች ሞቱ፤ ረዳት አብራሪውና 3 የእሳት ተከላካዮች በከባድ ጉዳት ተረፉ።

አደጋው ከማረፊያው ቁጥርና ከእሳቱ ስያሜ ተነሥቶ «አይረን 44» በሚል ስም ይታወቃል። የዩናይትድ ስቴትስ ብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ለሁለት ዓመት ከአራት ወር ያህል መርምሮ በዲሴምበር 2010 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የአደጋውን መንስኤ ያገኘው በተሰበረ ክፍል ወይም በድንገተኛ ነፋስ ውስጥ ሳይሆን በወረቀት ላይ በሰፈሩ ቁጥሮች ውስጥ ነው። አብራሪዎቹ የክብደት ስሌት አልዘለሉም፤ በሥርዓቱ ሠርተዋል። ደምረዋል፣ ቀንሰዋል፣ ውጤቱንም ከሚፈቀደው ወሰን ጋር አነጻጽረዋል። የተሳሳቱት ለስሌቱ ግብዓት ይሆኑ ዘንድ የተሰጧቸው ቁጥሮች ነበሩ። ዛሬ ይህን ስሌት በኤክሴል ወይም በታብሌት ላይ ባለ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ጉዳዩን ደጋግሞ ሊያጠናው ይገባል የምለው ስለዚህ ነው፤ እነዚያኑ ቁጥሮች ወደ ማንኛውም ዘመናዊ ሶፍትዌር ብናስገባቸው የሚወጣው መልስ ያው የተሳሳተ መልስ ይሆናልና።

ስሌቱ ምን ይጠይቃል?

ለማያውቀው አንባቢ መሠረቱን በአጭሩ ላስቀምጥ። የሄሊኮፕተር ክብደትና ሚዛን ስሌት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል። የመጀመሪያው «ጠቅላላው ክብደት ስንት ነው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ያ ክብደት የት ላይ ያርፋል?» የሚል ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ እያንዳንዱ ነገር፣ ማለትም አብራሪው፣ ተሳፋሪው፣ ነዳጁና ዕቃው፣ አምራቹ ከወሰነው የመለኪያ መነሻ ምን ያህል እንደሚርቅ ይታወቃል፤ ይህ ርቀት ክንድ ይባላል። ክብደቱ በክንዱ ሲባዛ ሞመንት ይገኛል፤ የሞመንቶች ድምር ለጠቅላላው ክብደት ሲካፈል የስበት ማዕከሉ ቦታ ይታወቃል። ሄሊኮፕተር በዋናው ሮተር፣ ማለትም ከላዩ በሚሽከረከረው ክንፍ፣ ሥር እንደ ተንጠለጠለ አካል ስለሆነ ይህ ማዕከል ከተወሰኑ ኢንቾች በላይ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ሊርቅ አይችልም። ከወሰኑ ካለፈ አብራሪው የመቆጣጠሪያ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ቢስበውም ማሽኑን ማስተካከል ሊያቅተው ይችላል።

በሄሊኮፕተር ላይ ግን ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ በአይረን 44 ሰዎችን የገደለውም የዚህ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ነው። ይህ ክብደት፣ በዚህ ከፍታና በዚህ ሙቀት፣ ሞተሮቹ ሊሰጡ በሚችሉት ኃይል ይነሣል ወይ? ሄሊኮፕተር ወደ መሬት ተጠግቶ ሲያንዣብብ ከሮተሩ ወደ ታች የሚወርደው አየር በመሬቱ ስለሚታገድ የሚፈልገው ኃይል ይቀንሳል። ከተራራ ጫፍ ወጥቶ ከበታቹ ገደል ሲሆን ግን ያ እርዳታ ይጠፋል፤ ክብደቱን በሙሉ በራሱ ኃይል መሸከም አለበት። የደን አገልግሎት በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ላይ የሚፈቀደው ክብደት ከመሬት እርዳታ ውጭ በማንዣበብ አቅም እንዲሰላ፣ ከዚያም ላይ የጥንቃቄ ቅናሽ እንዲደረግ የሚያዝዘው ለዚህ ነው።

የቀኑ ስሌት የተሠራው በ6,000 ጫማ ከፍታና በ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ነበር። በመደበኛው ከባቢ አየር ሠንጠረዥ በዚያ ከፍታ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 3 ዲግሪ ያህል ነው። ልዩነቱ 29 ዲግሪ መሆኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 120 ጫማ ገደማ ስንጨምር አየሩ ለሮተሩና ለሞተሮቹ የ9,500 ጫማ ያህል ሳስቶ ይታያቸዋል። ይህን ስሌት በኤክሴል አንድ መስመር ፎርሙላ ይጨርሰዋል። ከባዱ የቀረው ነው።

የተበላሹት ግብዓቶች

ቦርዱ ካርሰን ሄሊኮፕተርስ የተባለው ባለ ንብረት ኩባንያ ለአደጋው መንስኤ የሆኑ ሦስት ነገሮችን እንዳደረገ ወስኗል። ሦስቱም ስሌቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ፤ ማሽኑ ካለው በላይ ጭነት የሚሸከም ያስመስላሉ።

የመጀመሪያው የሄሊኮፕተሩን ባዶ ክብደት ሆን ብሎ አሳንሶ ማቅረብ ነው። ባዶ ክብደት ማለት ማሽኑ ያለ ተሳፋሪ፣ ያለ ጭነትና ያለ ሥራ ነዳጅ የሚመዝነው ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ሄሊኮፕተሩ በተዘጋ ሃንጋር ውስጥ በመመዘኛ መሣሪያዎች ላይ ሲቀመጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ወይም የተነሣ ዕቃ ሁሉ በመዝገብ ላይ እየተደመረና እየተቀነሰ ይቀጥላል። አብራሪው በየቀኑ የሚያገኘው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱ ማሽኑን አይመዝንም፤ ሊመዝንም አይችልም። በዚህ ጉዳይ ላይ በሰነዱ የሠፈረው ክብደት ከእውነተኛው ከ1,000 ፓውንድ በላይ ያነሰ ነበር። ይህም መሣሪያቸውን የታጠቁ አራት ሰዎች ያህል ክብደት ነው። እነዚህ አራት «ሰዎች» በማንኛውም የተሳፋሪ ዝርዝር ላይ አልነበሩም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ በረራ ተሳፍረዋል።

ሁለተኛው የኃይል ሠንጠረዡን መለወጥ ነው። ባለ ሁለት ሞተር ሄሊኮፕተር ሞተሮች የተለያዩ የጊዜ ገደብ ያላቸው የኃይል ደረጃዎች አሏቸው። ለመደበኛ መነሣት የሚፈቀደው ኃይል አንድ ነው፤ አንዱ ሞተር ቢጠፋ የቀረው ሞተር ለሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ እንዲሰጥ የሚፈቀደው የአደጋ ጊዜ ኃይል ደግሞ ሌላና ከፍ ያለ ነው። በአብራሪዎቹ እጅ የነበረው ገጽ የዚህን የአደጋ ጊዜ ኃይል መስመሮች በመደበኛው መነሻ ኃይል አርእስት ሥር ያሳይ ነበር። ገጹን የሚያይ ሰው አርእስቱን ያነባል፣ በሙቀቱ መስመር ላይ ጣቱን ያስኬዳል፣ ቁጥሩን ይቀዳል። ቁጥሩ ከሌላ ገጽ የመጣ መሆኑን የሚነግረው ምንም ነገር የለም።

ሦስተኛው ብዙ ሰዎች እንደ ጥፋት የማይቆጥሩት ነው፤ ስለዚህም ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ። የአቅም ሠንጠረዦች የሚዘጋጁት ሞተሩ ሊሰጥ የሚገባውን ዝቅተኛ ተቀባይነት ያለው ኃይል ይዘው ነው። ጥሩ ሞተር በምርመራ ወቅት ከዚያ ዝቅተኛ ደረጃ በላይ ቶርክ፣ ማለትም ሮተሩን የሚያዞር ጉልበት፣ ያሳያል። ኩባንያው ይህንን ትርፍ በስሌቱ ላይ መጨመርን ልማድ አድርጎት ነበር፤ የተፈቀደ አሠራር ግን አልነበረም። ክርክሩ ሲሰማ ምክንያታዊ ይመስላል፤ «ሞተሩ በእርግጥ ይህን ያህል ይሰጣል፤ ታዲያ ለምን አንጠቀምበትም?» ይባላል። ነገር ግን ያ ትርፍ ሞተሩ ሲያረጅ፣ መለኪያው ሲዛባ፣ ነፋሱ ከኋላ ሲመጣ የሚበላው መጠባበቂያ ነው። ወደ ጭነት ከተለወጠ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ሊወጣ አይችልም።

የእነዚህ የሦስቱ ድምር ምን ያህል እንደሆነ ቦርዱ ያወጣቸው ሁለት ቁጥሮች ያሳያሉ። በደን አገልግሎት መመሪያ መሠረት በትክክለኛ ግብዓት ቢሰላ ኖሮ ለዚያ ቦታ የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት 15,840 ፓውንድ ነበር። ቦርዱ ሄሊኮፕተሩ ሲነሣ ነበረው ብሎ የገመተው ክብደት ደግሞ 19,008 ፓውንድ ነው። ልዩነቱ 3,168 ፓውንድ፣ በኪሎ 1,437 ይሆናል። ይህን ልዩነት ለማስወገድ ሰዎችን በማውረድ ብቻ ቢሞከር፣ አሥሩ የእሳት ተከላካዮች እያንዳንዳቸው ከነመሣሪያቸው 317 ፓውንድ መመዘን ነበረባቸው። በሌላ አነጋገር፣ በመመሪያው መሠረት ሄሊኮፕተሩ ከያዘው ነዳጅ ጋር ከዚያ ማረፊያ አንድም የእሳት ተከላካይ ለማንሣት የሚበቃ ኅዳግ አልነበረውም። ወረቀቱ ግን አሥር ሰው ይፈቅድ ነበር።

የቦርዱ የመንስኤ ውሳኔ የስበት ማዕከልን ጉዳይ አያነሣም፤ ጥፋቱ የክብደትና የኃይል ነው። ነገር ግን የባዶ ክብደት ስሕተት ክብደት ላይ ብቻ እንደማይቆም ስሌቱን የሚሠራ ሰው ሊያስተውል ይገባል። ያልተመዘገበው 1,000 ፓውንድ ከማሽኑ የስበት ማዕከል 10 ኢንች ወደ ፊት ይገኛል እንበል። የ10,000 ኢንች-ፓውንድ ሞመንት ለ19,000 ፓውንድ ሲካፈል ማዕከሉ ግማሽ ኢንች ያህል ይንቀሳቀሳል። ጠቅላላ ወሰኑ በጥቂት ኢንቾች ለሚለካ ማሽን ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሐሰተኛ ባዶ ክብደት የያዘ ሠንጠረዥ ስለ ሚዛኑም የሚናገረው ነገር ሊታመን አይችልም።

ያው ስሌት በኤክሴል ቢሠራ

እ.ኤ.አ. በ2008 አይፓድ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ስሌቱ በወጣለት ቅጽ ላይ ይሞላ ነበር። ዛሬ ያው ቅጽ በአብዛኛው ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ልዩ ሶፍትዌር ተዛውሯል። የመደመር ስሕተት በዚህ ምክንያት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ብዙዎቹ የማያቸው ሠንጠረዦች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። የአብራሪው ክብደት፣ የተሳፋሪው ክብደትና የነዳጁ መጠን የሚገቡባቸው ሴሎች በቢጫ ቀለም ደምቀው ይታያሉ፤ ባዶ ክብደቱ ግን ከላይ በኩል በግራጫ የተቆለፈ አንድ ቁጥር ሆኖ ይቀመጣል። ማን መቼ እንደጻፈው አይታወቅም። ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ማንም የማይጠይቀው ቁጥር ይሆናል።

እኔ በግልባጩ መሠራት አለበት ባይ ነኝ። ባዶ ክብደት የሚጻፍ ሳይሆን የሚሰላ ውጤት መሆን አለበት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የመጨረሻው ምዘና ቀን፣ በእያንዳንዱ የመመዘኛ ነጥብ ላይ የተነበበው ክብደትና የየነጥቡ ክንድ፣ በምዘናው ጊዜ ማሽኑ ላይ የነበሩ ዕቃዎች ዝርዝርና ምዘናውን ያካሄዱት ሰዎች ፊርማ ያለበት ሰነድ ቁጥር ይሰፍራሉ። በሁለተኛው ገጽ ከዚያ ቀን በኋላ የተደረገ ለውጥ ሁሉ በየመስመሩ ይመዘገባል፤ የተገጠመ መቀመጫ፣ የወረደ የውኃ ታንክ መለዋወጫ፣ የተቀየረ ራዲዮ፣ ከክብደቱና ከክንዱ ጋር። ባዶ ክብደቱ የእነዚህ የሁለቱ ገጾች ድምር ብቻ ይሆናል፤ በእጅ የሚጻፍበት ሴል አይኖርም። ከዚህም ጋር የቀደሙት ምዘናዎች ሁሉ በተከታታይ ቢቀመጡ፣ ዕቃ ሳይወርድለት ከምዘና ወደ ምዘና የሚቀል ማሽን በግልጽ ይታያል። ማሽኖች በተፈጥሯቸው በዕድሜያቸው ይከብዳሉ፤ ቀለም ይጨመራል፣ ጥገና ይለጠፋል፣ አቧራና ዘይት ይጠራቀማል። ያለ ምክንያት የቀለለ ሄሊኮፕተር ምርመራ ይጠይቃል። በዚህ ጉዳይም ከአደጋው በኋላ የኩባንያው ሌሎች ሄሊኮፕተሮች እንደገና ሲመዘኑ ኩባንያው ለደን አገልግሎት ባቀረበው የጨረታ ሰነድ ላይ ከተጻፈው በላይ የከበዱ ተገኝተዋል። ይህን ለማወቅ ያስፈለገው መመዘን ብቻ ነበር።

የአቅም ሠንጠረዡ ወደ ኤክሴል ሲገባ ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ ይህም ክፋት የሌለበት፣ ከመሣሪያው ጠባይ የሚነሣ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ጠመዝማዛ መስመር በኤክሴል ውስጥ የነጥቦች ሠንጠረዥ ይሆናል። ለምሳሌ ለአንድ ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ 17,000 ፓውንድ፣ በ30 ዲግሪ 16,300 ፓውንድ ተብሎ ገብቷል እንበል። ቪሉክአፕ (VLOOKUP) የተባለው የታወቀ ፎርሙላ በግምታዊ ፍለጋ ሁኔታ ሲሠራ፣ የተጠየቀውን ቁጥር ካላገኘ ከእርሱ በታች ያለውን ቅርብ መስመር ይወስዳል። ሙቀቱ 29 ዲግሪ ቢሆን የሚመልሰው የ20 ዲግሪውን 17,000 ነው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል በትክክል ቢሰላ ግን መልሱ 16,370 ነበር። 630 ፓውንድ ያለ ማስጠንቀቂያ ተጨመረ ማለት ነው፤ ስሕተቱም ሁልጊዜ ወደ አደገኛው ወገን ያደላል፤ ምክንያቱም ዝቅተኛ ሙቀት ሁልጊዜ የተሻለ አቅም ያሳያል። መፍትሔው በሁለት ነጥቦች መካከል የሚያሰላ ፎርሙላ መጻፍና፣ የተጠየቀው ከፍታ ወይም ሙቀት ከሠንጠረዡ ውጭ ከሆነ ቁጥር ሳይሆን «አይሰላም» የሚል መልስ እንዲወጣ ማድረግ ነው።

ሌሎቹን የተለመዱ ጉድለቶች በፍጥነት ልለፋቸው። ባዶ የቀረ የክንድ ሴል እንደ ዜሮ ይቆጠርና ሞመንቱን ያጠፋል። ነዳጅ በሊትር፣ በጋሎንና በፓውንድ ይደባለቃል። ካለፈው በረራ የተቀመጠ ፋይል ሲከፈት የትናንት ተሳፋሪዎች ክብደት ይዞ ይመጣል። የስበት ማዕከል ወሰን ክብደት ሲጨምር እየጠበበ የሚሄድ ቅርጽ ሆኖ ሳለ ሠንጠረዡ በአንድ ዝቅተኛና በአንድ ከፍተኛ ቁጥር ብቻ ይፈትሸዋል። የመነሻው ሁኔታ ብቻ ይሰላና ነዳጁ ሲያልቅ ማዕከሉ ወዴት እንደሚሄድ ይረሳል።

ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ወደ ሶፍትዌር የተገለበጠ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ከየትኛው የበረራ መመሪያ፣ ከየትኛው ገጽና ከየትኛው እትም እንደተወሰደ በውጤቱ ገጽ ላይ መታየት አለበት፤ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ሰውም ጥቂት ነጥቦችን ከአምራቹ ወይም ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ካገኘው ቅጂ ጋር ማመሳከር አለበት። በአይረን 44 ጉዳይ ይህ ማመሳከር በኩባንያው ቅጂ ላይ ቢደረግ ምንም አያሳይም ነበር፤ ቅጂው ራሱ የተለወጠ ነውና። የደን አገልግሎትም ሆነ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ያላዩት ይህንኑ ነው፤ ቦርዱም የሁለቱን መሥሪያ ቤቶች በቂ ያልሆነ ቁጥጥር በመንስኤው ውስጥ አካትቶታል።

ማሽኑ ራሱ የሰጠው ምስክርነት

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ክፍል ከአደጋው በፊት የነበሩት ሁለት መነሣቶች ናቸው። ሄሊኮፕተሩ በዚያው ዕለት ከዚያው ማረፊያ ሁለት ጊዜ ሰዎችን ጭኖ ወጥቷል። ከዚያ ነዳጅ ሞላና ለሦስተኛው ጉዞ ተመለሰ። ስሌቱ ከተሠራበት ከ32 ዲግሪ ይልቅ አየሩ ስለ ቀዘቀዘ፣ አብራሪዎቹ ከወረቀቱ የተሻለ አቅም እንዳላቸው ነበር የሚያምኑት። እንደ ቦርዱ ግኝት ግን በሁለቱም የቀደሙ መነሣቶች ማሽኑ ወደ አቅሙ ጣሪያ ተጠግቶ ነበር።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት ሁለት መረጃዎች ጎን ለጎን ነበሩ። ወረቀቱ በቂ ኅዳግ አለ ይላል፤ መሣሪያዎቹ የለም ይላሉ። ሁለቱ በአንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ቦርዱ ሠራተኞቹ ይህን አለመጠየቃቸውን እንደ አስተዋጽኦ አስፍሮ፣ ምክንያቱን ደግሞ በማሽኑ አቅም ወሰን ላይ መሥራትን ስለ ለመዱ ነው ብሏል። ይህ ለእኔ ከባድ ዓረፍተ ነገር ነው። አብራሪዎቹ የተታለሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ በሕይወት የለም። ሆኖም ልማዱን የፈጠረው ራሱ የውሸቱ ቁጥር ነው፤ ማሽኑ ከተጻፈው በላይ ስለሚከብድ በየበረራው ሞተሮቹ ከሚጠበቀው በላይ ይደክማሉ፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሲሆን ድካሙ የማሽኑ የተለመደ ጠባይ ይመስላል። የማስጠንቀቂያ ምልክት የነበረው ነገር ከመደጋገሙ የተነሣ ምልክትነቱን ያጣል።

ሶፍትዌር በእርግጥ ከወረቀት ሊበልጥ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ጥቂት ሠንጠረዦች ብቻ ይህን ማድረጋቸው ነው። ስሌቱ በተሰጠው ክብደት፣ ከፍታና ሙቀት ለማንዣበብ ምን ያህል ቶርክ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይተነብይ። አብራሪው ከመሬት ጥቂት ጫማ ተነሥቶ ለአጭር ጊዜ ያንዣብብና መለኪያው ላይ ያየውን ቶርክ ያስገባ፤ ትንበያውም ለዚያው ከመሬት አጠገብ ላለ ማንዣበብ የተሠራ ይሁን። ሠንጠረዡ ልዩነቱን ያሳያል፤ ልዩነቱንም ወደ ክብደት መልሶ ይተረጉመዋል። «የተጻፈው ክብደትና ሠንጠረዡ ትክክል ቢሆኑ ይህን ያህል ቶርክ አይፈልግም ነበር፤ ማሽኑ ይህን ያህል ፓውንድ ከብዶ እንደሚበር ያህል ይሠራል» ይላል። ምክንያቱ የባዶ ክብደት ውሸት፣ የተሳፋሪዎች መክበድ፣ የተበላሸ መለኪያ ወይም የደከመ ሞተር ሊሆን ይችላል። ለዚያ በረራ ውሳኔ ምክንያቱን ማወቅ አያስፈልግም፤ ልዩነቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ጭነት ይወርዳል። የየበረራው ልዩነት ተጠራቅሞ ሲቀመጥ ደግሞ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ማሽን ወደ መመዘኛው እንዲሄድ ያስገድዳል። በእኔ አመለካከት በዚህ መንገድ የተሠራ አንድ ተራ የኤክሴል ፋይል፣ ይህን ከማያደርግ ውድ ሶፍትዌር ይሻላል።

በሞተሮቹ ላይ የተነሣው ክርክር

ጉዳዩን በሙሉ ለማቅረብ አንድ ተቃራኒ ሐሳብ መጠቀስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን በተካሄደ የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሕዝብ የተመረጡ ዳኞች (ጁሪ) የሞተሩን አምራች ጄኔራል ኤሌክትሪክን ለአደጋው በከፊል ተጠያቂ አድርገዋል፤ ከከሳሾቹ ወገን የቀረበው ክርክር አንደኛው ሞተር ኃይል አጥቷል የሚል ነበር። ቦርዱ ግን በአብራሪዎች ክፍል ድምፅ መቅጃ ላይ የተያዘውን የሞተሮቹን ድምፅ ተንትኖ ሁለቱም ሞተሮች በመደበኛ ሁኔታ እስከ አቅማቸው ጫፍ ይሠሩ እንደነበር ደምድሟል። ለክብደት ስሌት ትምህርቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስት ሺህ ፓውንድ የሚያህለው የጥንቃቄ ኅዳግ ቢኖር ኖሮ፣ የሚጠበቀውን ያህል ያልሰጠ ሞተርም ቢሆን ወደ ማረፊያው ለመመለስ ዕድል ይሰጥ ነበር።

በወንጀል በኩል፣ የካርሰን ሄሊኮፕተርስ የቀድሞ ምክትል ፕሬዝዳንት ጥፋተኝነቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2015 የ12 ዓመት ከ7 ወር እስራት ተፈርዶበታል፤ የጥገና ኃላፊው ደግሞ 25 ወር ተፈርዶበታል። በክሱ መሠረት ዓላማው ከደን አገልግሎት ጋር የሚደረገውን በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ውል ማሸነፍ ነበር፤ ውሉ ሄሊኮፕተሩ ሊያነሣ የሚችለውን ጭነት መስፈርት አድርጎ ስለሚያወዳድር፣ በወረቀት ላይ የቀለለ ማሽን ያሸንፋል። ክብደቱን የሚያሳውቀውና ከክብደቱ ማነስ የሚጠቀመው አንድ ወገን በሆነበት ሥርዓት ውስጥ፣ ምዘናው በገዢው ወገን ፊት እንዲካሄድ አለማድረግ ትልቅ ክፍተት ነበር።

ለደጋ ምድር በረራ

ጉዳዩን ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው የአየሩ መሳሳት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን ይህም ከ7,500 ጫማ በላይ ነው፤ ማለትም የአይረን 44 ማረፊያ ከነበረበት ተራራ ትበልጣለች። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል። በ24 ዲግሪ የበጋ ቀን አየሩ ለሄሊኮፕተር ከ10,000 ጫማ በላይ ሳስቶ ይታያል፤ በካሊፎርኒያው ተራራ በ32 ዲግሪ ከተሰላው ይበልጣል። ለሕመምተኛ ማንሣት፣ ለእርዳታ ማድረስ ወይም ለመስመር ዝርጋታ በደጋው የሚሠራ ሄሊኮፕተር ሜዳ ላይ ሆኖም ተራራ ላይ እንዳለ ያህል ይበራል፤ ከቆላ ማረፊያ ሙሉ ጭነት ይዞ የተነሣው ማሽን ደጋ ሲደርስ ያንኑ ጭነት ይዞ ላያንዣብብ ይችላል።

ስለዚህ በደጋ ለሚሠራ ማሽን የሚዘጋጅ ሠንጠረዥ የመነሻውን ቦታ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ማረፊያ ከፍታና በዚያ የሚጠበቀውን ከፍተኛ ሙቀት ለየብቻ መጠየቅ አለበት፤ የሚፈቀደው ጭነትም ከሁሉም ማረፊያዎች በጣም አነስተኛው እንዲሆን መደረግ አለበት። ውጤቱ ሲታተም የባዶ ክብደቱ ምዘና ቀን፣ የአቅም ሠንጠረዡ ገጽና እትም፣ ከመሬት እርዳታ ውጭ ለማንዣበብ የተሰላው ወሰንና ባለፉት በረራዎች በትንበያና በተነበበው ቶርክ መካከል የታየው ልዩነት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይውጡ። አብራሪው ከመፈረሙ በፊት የሚያነበው ገጽ ይህ ሲሆን፣ ባዶ ክብደቱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅበት መስመር ከፊቱ ይኖራል።